ማስታወቂያው ተቀይሯል፣ ስልኩ ግን አልሰማም፦ የእድራችን ገጽ የጥገና ማስታወሻ

ሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ማታ

ትናንት አንዲት እናት ለ40 ዓመት ጎረቤታቸው የነበሩትን ሰው ቀብር ሳይቆሙ ቀሩ። ያሳሳታቸው እኔ የምጠብቀው የኢንተርኔት ገጽ ነው። ይህን ማስታወሻ የጀመርኩት በዚህ ምክንያት ነው።

እድራችን የድሮ ሰፈር እድር ነው፤ ሰፈሩ ግን ተበትኗል። ግማሹ አባል በኮንዶሚኒየም ዕጣም በመልሶ ማልማትም ለቅቆ አያት፣ ሰሚት፣ ጀሞ ገብቷል። እድሩን ግን የተወ የለም፤ ሰው ሲያርፍ ሁሉም እዚያው ይሰበሰባል። ለፋፊያችን ጡሩምባውን ይዞ ሊደርስ የሚችለው ሰፈር ለቀሩት ብቻ ስለሆነ፣ ለራቁት አንድ ገጽ ከፈትንላቸው። የሟችን ስም፣ የቀብሩን ሰዓትና ቦታ እዚያ ላይ እጽፋለሁ፤ ሊንኩን በቴሌግራም ግሩፓችን እለቃለሁ።

ቅዳሜ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ማስታወቂያውን አወጣሁ፦ እሑድ በ9 ሰዓት፣ ቅዱስ ዮሴፍ። እሑድ ጠዋት ቤተሰቡ ቦታውን ወደ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ቀየረው፤ የሟች ባለቤት የተቀበሩት እዚያ ነበር። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ገጹን አስተካከልኩ፣ በስልኬ ከፍቼ አየሁ፣ ተስተካክሏል። ሥራዬን የጨረስኩ መሰለኝ።

እማማ የሚኖሩት ሰሚት ልጃቸው ዘንድ ነው። የልጅ ልጃቸው ቅዳሜ ማታ 3 ሰዓት ላይ ሊንኩን ከፍታ አነበበችላቸው። እሑድ 7 ሰዓት ላይ ከቤት ሊወጡ ሲሉ "እስቲ ደግመሽ እዪልኝ፣ የተለወጠ ነገር ይኖር ይሆናል" አሏት። ከፈተች፤ ዮሴፍ ይላል። ዮሴፍ ሄዱ። ነገሩ እስኪገባቸውና ታክሲ ይዘው ከተማውን አቋርጠው ጴጥሮስ ወጳውሎስ እስኪደርሱ አፈሩ ተመልሶ፣ ሕዝቡ ወደ ድንኳኑ እየተመለሰ ነበር።

ዛሬ ደወልኩላቸው። "ልጄ፣ እኔ እኮ ደግሜ አስነብቤያለሁ" አሉኝ። ሌላ አልጨመሩም። እውነታቸውን ነው። ከእሳቸው የሚጠበቀውን ሁሉ አድርገዋል።

የእድሩ ዳኛ ማታ ስንገናኝ "ገጹ አናት ላይ 'ሪፍሬሽ አድርገው ያንብቡ' ብለህ ጻፍበት" አሉኝ። ጋሼን አከብራቸዋለሁ፤ ይህን ግን እሺ አላልኩም። ለፋፊው ሲለፍፍ ሰው ከቤቱ ወጥቶ "የዛሬውን ነው ወይስ የትናንቱን?" ብሎ አይጠይቅም። ገጹም እንደዚያው መሆን አለበት። አንድ ሳምንት ስጡኝ አልኳቸው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

መጀመሪያ ስህተቱን እኔው በዓይኔ ላየው ይገባል። የወንድሜን ስልክ ተዋስኩ። የሙከራ ማስታወቂያ አወጣሁ፣ ከፈትኩት፣ ከዚያ ሰርቨሩ (ገጹ የሚቀመጥበት ኮምፒዩተር) ላይ ያለውን ጽሑፍ ቀየርኩ፣ ተመልሼ ስልኩን ያዝኩ።

ሊንኩን ስነካው፦ አሮጌው። ወደ ሌላ ገጽ ሄጄ በተመለስ ቀስት ስመለስ፦ አሮጌው። ገጹን በጣቴ ወደ ታች ስቤ ሳድሰው፦ አዲሱ።

እሑድ በእኔ ስልክ የተስተካከለ የመሰለኝ ለዚህ ነው። እኔ የመሳብ ልማድ አለኝ። የልጅ ልጃቸው ግን እንደማንኛውም ሰው ሊንኩን ነካች። ለእኛ ሁለቱም "ገጹን መክፈት" ነው፤ ለብራውዘሩ (ገጹን ለሚከፍተው ፕሮግራም) ግን የተለያዩ ናቸው። ሊንክ ሲነካ ብራውዘሩ መጀመሪያ ጓዳውን ያያል፤ ካሽ የሚባለው ማለት ነው። እዚያ ያስቀመጠው ቅጂ ዕድሜው ካላለቀ ሰርቨሩን ጭራሽ ሳያነጋግር ያንኑ ያቀርባል። ሲታደስ ግን ለዋናው ገጽ "ማክስ-ኤጅ=0" የሚል ጥያቄ ይልካል፤ የያዝኩት እስካሁን ልክ ነው ወይ ማለቱ ነው። ኮምፒዩተር ላይ ደግሞ ሦስተኛ ደረጃ አለ፦ በዊንዶውስ ኮንትሮልና ኤፍ5 ወይም ኮንትሮል፣ ሺፍትና አር፤ በማክ ላይ በክሮምና በፋየርፎክስ ኮማንድ፣ ሺፍትና አር፤ በሳፋሪ ኮማንድ፣ ኦፕሽንና አር። ይኼኛው ጓዳውን ጨርሶ ዘልሎ ገጹንም ምስሉንም ሁሉ ከሰርቨሩ ያመጣል። ስልክ ላይ ይህ ቁልፍ የለም። አባሎቻችን ደግሞ ከሞላ ጎደል ሁሉም በስልክ ነው የሚያዩት።

ከዚያ ሰርቨሩ ምን እያለ እንደሚልክ ከርል በሚባል መመርመሪያ ፕሮግራም አየሁ። ሁለት መስመር ዓይኔን ያዘው፦

ካሽ-ኮንትሮል፦ ማክስ-ኤጅ=86400
ላስት-ሞዲፋይድ፦ እሑድ፣ 17 ኖቬምበር 2024፣ 06:00:12 ጂኤምቲ

ሁለተኛው ዋናው ማስታወቂያ መጨረሻ የተለወጠበት ጊዜ ነው። ሰዓቱ ለአፍታ አደናገረኝ፤ የእኛ ሰዓት አቆጣጠር ከጂኤምቲ 3 ሰዓት ተቀንሶ የሚገኝ ስለሆነ 06:00 ማለት ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። በሰዓቱ አስተካክያለሁ። ጥፋቱ የመጀመሪያው መስመር ላይ ነው። 86400 ሰከንድ አንድ ሙሉ ቀን ነው። ገጹ ለእያንዳንዱ ስልክ "ይህን ቅጂ እስከ ነገ በዚህ ሰዓት ሳትጠይቀኝ አሳይ" ሲል ኖሯል። ቅዳሜ ማታ 3 ሰዓት የተቀመጠው ቅጂ እሑድ 7 ሰዓት ላይ ገና 16 ሰዓቱ ነበር። ስልኩ የታዘዘውን ነው ያደረገው።

መስመሩን ያስገባሁት እኔ ነኝ። አምና ገጹ እንዲፈጥን ስል የሰርቨሩ ትእዛዝ በሚጻፍበት በ.ኤችቲአክሰስ ፋይሉ ላይ ለሁሉም ነገር የአንድ ቀን ዕድሜ ሰጥቼ ነበር። ለሎጎው ልክ ነው። ለቀብር ሰዓት ግን አልነበረም።

ሌላም አገኘሁ። ገጹ በተጻፈበት ኮድ (ኤችቲኤምኤል) አናት ላይ "ፕራግማ፣ ኖ-ካሽ" የሚል የሜታ ምልክት ተጽፏል። አንድ ሰው ቀድሞኝ ስለዚህ ነገር ተጨንቆ ኖሯል ማለት ነው። የዛሬ ብራውዘሮች ግን እዚያ ቦታ ላይ የተጻፈውን ለዚህ ጉዳይ አይሰሙትም፤ የሚሰሙት ሰርቨሩ ከገጹ ጋር የሚልከውን ራስጌ ነው። አጠፋሁት፤ የማይሠራ ጥበቃ ተማምኖ ከመተኛት ባይኖር ይሻላል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 11

ጠዋት የመጀመሪያ ሐሳቤ የአንድ ቀኑን መስመር ሰርዤ መተው ነበር። ጥሩ ነው ሳልቸኩል። ሰርቨሩ ስለ ዕድሜ ምንም ካልተናገረ ብራውዘሩ በራሱ ይገምታል። የተለመደው ግምት ገጹ ከተለወጠ ወዲህ ካለፈው ጊዜ አንድ አሥረኛው ነው። ከአንድ ሰዓት በፊት ለወጣ ማስታወቂያ 6 ደቂቃ ይሆናል፤ ጉዳት የለውም። የመተዳደሪያ ደንባችን ግን ከተነካ 300 ቀን አልፎታል፤ ግምቱ 30 ቀን ይመጣል። ወርኃዊ መዋጮው ተለውጦ ደንቡን ባስተካክል አንዱ አባል ወር ሙሉ የድሮውን ሊያይ ይችላል። ዝም ማለትም አንድ መልስ ሆኖ ይቆጠራል።

ስለዚህ ለኤችቲኤምኤል ገጾች በሙሉ በግልጽ ጻፍኩ፦

ካሽ-ኮንትሮል፦ ኖ-ካሽ

ይህ ስም ብዙ ሰው ያሳስታል፤ "አታስቀምጥ" የሚል ይመስላል። ትርጉሙ "አስቀምጥ፤ ሳትጠይቀኝ ግን አታቅርብ" ነው። "ጓዳህ አታስገባው" የሚለው ሌላ ቃል ነው፤ ኖ-ስቶር ይባላል። የእማማን የልጅ ልጅ ጨምሮ ሁለት ሦስት ሰው ኖ-ስቶር አድርገውና እንገላገል ብሎኛል። ያላደረግኩት በዳታ ምክንያት ነው። አባሎቻችን የቀን ጥቅል ገዝተው የሚጠቀሙ ናቸው፤ በለቅሶ ቀን ገጹን አምስት ስድስት ጊዜ ይከፍቱታል። በኖ-ስቶር በከፈቱት ቁጥር ሁሉም ነገር እንደ አዲስ ይወርዳል። በኖ-ካሽ ግን ስልኩ "የያዝኩት የዚህ ሰዓት ቅጂ ነው፣ ተለውጧል?" ብሎ ይጠይቃል፤ ካልተለወጠ ሰርቨሩ 304 ብሎ በጥቂት መቶ ባይት ይመልሳል፤ ስልኩም ከጓዳው ያወጣል። ጥያቄው ርካሽ ነው፣ መልሱም ርካሽ ነው፣ ሰው ግን አይሳሳትም።

አንድ የቀረ ነገር አለ። ቅጂውን ቀደም ብለው የያዙ ስልኮች አዲሱን ትእዛዝ አልሰሙም፤ ቀናቸው እስኪሞላ አይጠይቁምና። ሳይጠይቅህ ለሚሄድ ሰው መልስ ልትሰጠው አትችልም። መንገዱ አድራሻውን መቀየር ነው። ብራውዘሩ ጓዳው ውስጥ የሚፈልገው በሙሉ አድራሻው ስለሆነ፣ መጨረሻው ላይ የጥያቄ ምልክትና አንድ ቁጥር ሲጨመርበት የማያውቀው ገጽ ይሆንበትና ከሰርቨሩ ያመጣዋል። በግሩፑ ላይ ሊንኩን "?2" ጨምሬ እንደገና ለቀቅኩት። ይህን ዘዴ ማንም ሰው በስልኩ በማንኛውም ገጽ ላይ ሊሞክረው ይችላል፤ ገጹ አሮጌ ነው ብሎ ከጠረጠረ አድራሻው ጫፍ ላይ ? እና የፈለገውን ቁጥር ጽፎ መክፈት ነው። በድብቅ መስኮት መክፈትም ያው ነው፤ ያ መስኮት የራሱ ባዶ ጓዳ አለው።

ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ እያንዳንዱ ማስታወቂያ የራሱ አድራሻ ይኖረዋል። እስከ ዛሬ ሁሉንም በአንድ ገጽ ላይ እየደመሰስኩ ነበር የምጽፈው፤ የባለፈው ወር ሟች ስም በዚህ ወር ሰው ስልክ ላይ የመውጣት አደጋ ነበረው። ያንን ሳስበው ይሰቀጥጠኛል።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

ኅዳር ሲታጠን ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን እያቃጠለ ጭሱ መስኮት አያስከፍትም። ተዘግቼ 304ን ሳሳድድ ዋልኩ።

ትናንት በወረቀት ላይ ያማረው ነገር በተግባር አልሠራም። ያልተለወጠ ገጽ ደጋግሜ ስከፍት ሰርቨሩ በ304 ፈንታ ሁልጊዜ 200 እያለ ሙሉውን ይልካል። ሰው አይሳሳትም፤ ዳታው ግን ይበላል።

ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። የሰርቨራችን ፕሮግራም አፓቺ ለእያንዳንዱ ፋይል ኢታግ የሚባል መለያ ይሰጣል። ገጹን በጂዚፕ ጨምቆ ሲልክ ደግሞ መለያው ጫፍ ላይ "-ጂዚፕ" ይጨምራል። ስልኩ በሚቀጥለው ጊዜ ያንን መለያ ይዞ "ይህ አሁንም ልክ ነው?" ሲል፣ ሰርቨሩ ከራሱ ፋይል መለያ ጋር ያስተያየዋል፤ የራሱ ጭራ የለውም፤ አይመሳሰሉም፤ ስለዚህ ተለውጧል ይላል። ራሱ የቀጠለውን ጭራ ራሱ አላወቀውም። መለያው ካልተመሳሰለ ደግሞ ቀኑን ለማየት አይሞክርም፤ ኢታግ ካለ የቀን ጥያቄ ይታለፋል።

መፍትሔው አንድ መስመር ሆነ፦ "ፋይልኢታግ ነን"፤ "ነን" በእንግሊዝኛ "ምንም" ማለት ነው። ሰርቨሩ መለያ መስጠቱን አቆመ፤ ስልኩና ሰርቨሩ በላስት-ሞዲፋይድ ብቻ ይነጋገራሉ። ቀኑ እስከ ሰከንድ ድረስ ብቻ ነው የሚለየው፤ እኔ በአንድ ሰከንድ ሁለት ጊዜ ስለማላስተካክል ይበቃናል። ከዚያ በኋላ ያየሁት የመጀመሪያው 304 ደስ አሰኘኝ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14

ዛሬ የምስሉ ተራ።

ከጽሑፉ ጋር የሟችን ፎቶ፣ ሰዓቱንና ቦታውን የያዘ ባለ ጥቁር ጠርዝ ምስል አብረን እናወጣለን፤ ሰዎች ያንን ነው ለዘመድ የሚያስተላልፉት። ስሙ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነበር። ሙከራ አደረግኩ፦ ምስሉን በሌላ ቀይሬ፣ ስሙን ሳልቀይር ሰቀልኩ። ገጹን በጣቴ ስቤ አደስኩ። ጽሑፉ አዲስ፣ ምስሉ አሮጌ። ማለት በአንድ ገጽ ላይ ከላይ ጴጥሮስ ወጳውሎስ፣ ከታች ዮሴፍ። ጭራሽ የባሰ ነው፤ ሰው የቱን ይመን?

ምክንያቱ ይህ ነው፦ ክሮም ከ2017 እ.ኤ.አ. ወዲህ ገጽ ሲታደስ ለዋናው ገጽ ብቻ ነው ሰርቨሩን የሚጠይቀው። ምስሉን፣ የፊደሉን ፋይል፣ የገጹን መልክ የሚወስነውን ስታይል ዕድሜያቸው እስካላለቀ ከጓዳ ያወጣል። ሰው ሲያድስ የሚፈልገው አብዛኛውን ጊዜ አዲስ ጽሑፍ ነው፤ ለሁሉም ጥያቄ መላክ ደግሞ ገጹን ያዘገያል። ውሳኔው ለእኔ ትክክል ነው። ስሙን ሳይቀይር ውስጡን የቀየረው ግን ይጎዳል።

ስለዚህ ለራሴ ሕግ አወጣሁ። ስም የተሰጠው ፋይል ውስጡ አይለወጥም። ምስሉ ከተለወጠ ስሙም ይለወጣል። በእጅ ብሠራው አንድ ቀን እንደምረሳው ስላወቅኩ አጭር ስክሪፕት (ሥራውን በራሱ የሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም) ጻፍኩ፤ ከፋይሉ ይዘት በኤስኤችኤ-256 አሻራ ያወጣና የመጀመሪያዎቹን 8 ምልክቶች ስሙ ላይ ይለጥፋል። አንዲት ነጥብ እንኳ ብትቀየር አሻራው ሌላ፣ ስሙም ሌላ ይሆናል። ገጹ አዲሱን ስም ይጠራል፤ ስልኩ በዚያ ስም የሚያውቀው ነገር ስለሌለ ያመጣዋል።

ይህ ከተደረገ ለምስልና ለፊደል ፋይል ረጅም ዕድሜ መስጠት ይቻላል፦ ማክስ-ኤጅ=31536000፣ አንድ ዓመት፤ ኢሚዩቴብል ("አይለወጥም") የሚለውንም ጨመርኩ፤ ፋየርፎክስና ሳፋሪ ይሰሙታል። የፊደል ፋይላችን 160 ኪሎባይት ነው። የግዕዝ ፊደል ከነዝርያው በመቶዎች ስለሚቆጠር ፋይሉ መክበዱ አይቀርም። አሁን አንድ ስልክ አንድ ጊዜ ያወርደዋል፣ ያበቃል። ገጹ ሁልጊዜ ይጠይቃል፤ ከገጹ ጋር የሚመጣው ሁሉ መጠየቅ አያስፈልገውም።

ሰኞ፣ ኅዳር 16

የእማማ የልጅ ልጅ ደወለችልኝ። የሙከራ ማስታወቂያ እንድታይልኝ ጠይቄያት ነበር። "ጋሼ፣ ይኼ አሁንም የድሮውን ነው የሚያሳየው" አለች። ስባ አድሳለች። ያው።

ሰሚት ሄድኩ። እማማ ቡና አፈሉልኝ፤ ስልኩን ከእጄ ሳላወርድ ጠጣሁ። በኬብል ከላፕቶፔ ጋር አገናኝቼ አየሁት፦ ሰርቪስ ወርከር። ከእኔ በፊት ገጹን የሠራው በጎ ፈቃደኛ ኔትወርክ ሲጠፋም ገጹ እንዲከፈት ብሎ ያስገባው ነው፤ መልካም ሐሳብ ነበር። ሰርቪስ ወርከር ብራውዘሩ ውስጥ የሚቀመጥ በር ጠባቂ ነው። ገጹ ሲጠራ ከብራውዘሩ ጓዳም በፊት ጥያቄው እሱ ጋ ይደርሳል፤ የእኛው ደግሞ "ካለኝ ከራሴ ልስጥ፣ ከሌለኝ ወደ ሰርቨር ልሂድ" ተብሎ የተጻፈ ነው። ኖ-ካሽ ብዬ የጻፍኩት ሁሉ እሱ ጋ አይደርስም፤ እሱ የራሱ ማስቀመጫ አለው። በኮምፒዩተር ሺፍት ይዞ ማደስ ይዘለዋል፤ ስልክ ላይ ግን እንዳልኩት ያ ቁልፍ የለም።

ፋይሉን ከሰርቨሩ ማጥፋት አይበቃም፤ ስልኩ ውስጥ የተመዘገበው ይቀራል። የሚያድነው አንድ ነገር ነው። ሰው ገጹን ሲጎበኝ ብራውዘሩ የበር ጠባቂው ፋይል ራሱ ተለውጦ እንደሆነ ከበስተጀርባ ያጣራል፤ ከ24 ሰዓት በላይ የቆየ ቅጂም አያምንም። ስለዚህ በዚያው አድራሻ አዲስ ሰርቪስ ወርከር ሰቀልኩ፤ የአሮጌውን ማስቀመጫ ያጠፋል፣ ለገጾች መጀመሪያ ወደ ሰርቨር ይሄዳል፣ ኔትወርክ ከሌለ ብቻ የያዘውን ይሰጣል። የያዘውን ሲሰጥም ከላይ በቀይ "ኔትወርክ የለም፤ ይህ ቀደም ብሎ የተቀመጠ ነው" ይላል። አዲሱ በተለመደው አሠራር አሮጌው የከፈታቸው ገጾች ሁሉ እስኪዘጉ ተራ ይጠብቃል፤ ያንን መጠበቅ ስላልቻልኩ ስኪፕ-ዌይቲንግ ጨመርኩበት፤ ወዲያው ቦታውን ይረከባል።

እዚያው ቁጭ ብዬ ሞከርኩ። አንደኛ ሲከፈት አሮጌው፤ ሁለተኛ ሲከፈት አዲሱ። ልጅቷ "አሁን መጣ!" ስትል እማማ ከማጀት "ምን መጣ?" አሉ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 18

ከዚህ በፊት ያላሰብኩት ጓዳ፦ ቴሌግራም። ሊንክ ሲለቀቅ ከሥሩ የሚወጣውን ቅድመ እይታ የሚሠራው የቴሌግራም ሰርቨር ነው፤ አንዴ ሠርቶ ያስቀምጠዋል። እኔ በማብራሪያው ላይ ሰዓትና ቦታ አስገባ ነበር። ብዙ ሰው ደግሞ ቅድመ እይታውን አንብቦ ይበቃዋል፤ ሊንኩን አይነካም። ገጹን ባስተካክል ያ ጽሑፍ ባለበት ይቆያል።

ዌብፔጅቦት የሚባለው የቴሌግራም ቦት ሊንኩ ሲላክለት ቅድመ እይታውን እንደገና ያሠራዋል፤ ሞክሬዋለሁ፣ ይሠራል። ግን በለቅሶ ቀን፣ ድንኳን እየተተከለ፣ ቦት ማስታወስ አልፈልግም። ሰዓቱንና ቦታውን ከማብራሪያው አወጣሁ። አሁን "የቀብር ማስታወቂያ፤ ሰዓቱንና ቦታውን ገጹን ከፍተው ይመልከቱ" ብቻ ይላል።

ዓርብ፣ ኅዳር 20

የመጨረሻው ቀዳዳ ሳይዘጋ የሚቆይ ገጽ ነው። ሰው ማታ ገጹን ይከፍታል፣ ስልኩን ኪሱ ያስገባል፣ ጠዋት ስልኩን ሲያበራ ገጹ እንዳለ ይጠብቀዋል። ምንም አልተከፈተምና ምንም አልተጠየቀም። የተመለስ ቀስትም እንዲሁ ነው፤ ብራውዘሩ የቀድሞውን ገጽ እንዳለ አቀዝቅዞ አቆይቶ ስለሚመልሰው፣ ራስጌው ላይ የጻፍኩት አይነካውም።

እዚህ ገጹ ራሱ መጠየቅ አለበት። ገጹ ውስጥ የሚሠራ አጭር ፕሮግራም በጃቫስክሪፕት ጻፍኩ። ገጹ እንደገና ለዓይን ሲታይ፣ ወይም በተመለስ ቀስት ሲመለስ፣ የእትም ቁጥር ብቻ ያለበትን ትንሽ ፋይል ያመጣል፤ ይህችን ፋይል በኖ-ስቶር ነው የምጠራት፤ ጥቂት ባይት ናት። ቁጥሩ ገጹ ላይ ከተጻፈው ከተለየ ገጹ ራሱን ያድሳል። ብዙ ሰው በማደሻው ትእዛዝ ቅንፍ ውስጥ "ትሩ" ብሎ ይጽፋል፣ በግድ ያሳድሰዋል ብሎ፤ ከፋየርፎክስ በቀር ሌሎቹ ብራውዘሮች አይቆጥሩትም። ዋናው ገጽ ኖ-ካሽ ስለሆነ ተራው ማደሻ ይበቃል።

አንድ ጊዜ ስልኩ ሳያቋርጥ ራሱን ማደስ ጀመረ። የእትም ፋይሉን ከገጹ አስቀድሜ ሰቅየው ነበር፤ አዲስ ቁጥር ያያል፣ ያድሳል፣ ገጹ ገና አሮጌ ነው፣ እንደገና ያድሳል። የአንድን አባል የቀን ጥቅል በደቂቃዎች ሊጨርስበት ይችል ነበር። ቅደም ተከተሉን ስክሪፕቱ ውስጥ አሰርኩት፦ መጀመሪያ ምስሎቹ፣ ከዚያ ገጹ፣ መጨረሻ የእትም ቁጥሩ። በዚያ ላይ ለአንድ ቁጥር ከአንድ ጊዜ በላይ እንዳያድስ ገደብ ጨመርኩ።

ገጹ አናት ላይም በትልቁ "ይህ ማስታወቂያ የተስተካከለው፦" ብዬ ቀኑንና ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር አስገባሁ፤ የተቀየረ ነገር ካለም የተቀየረው በቀይ ይጻፋል። "ሪፍሬሽ አድርጉ" ከሚለው ይህ ይሻላል፤ አንባቢው የያዘውን በዓይኑ መዝኖ ከጎረቤቱ ስልክ ጋር ሊያስተያይ ይችላል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 24

ትናንት ማታ አንድ አባላችን አረፉ። ነፍስ ይማር። ማስታወቂያውን ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ አወጣሁ፦ ዛሬ በ6 ሰዓት። ሌሊት ልጃቸው ከዱባይ መነሳቱ ታወቀ፤ ጠዋት 1 ሰዓት ከ10 ላይ ቤተሰቡ ቀብሩን ወደ 9 ሰዓት አዛወረው። 1 ከ20 ላይ ስክሪፕቱን አስነሳሁት፤ ምስሉ፣ ገጹ፣ ቁጥሩ በተራቸው ሄዱ።

ከዚያ የሰርቨሩን መዝገብ ከፍቼ ተቀመጥኩ። ትናንት ማታ ገጹን ያዩ ስልኮች አንድ በአንድ ሲመለሱ ይታያል፤ መጀመሪያ የእትም ፋይሏ፣ ወዲያው ገጹ፣ 200፤ ከዚያ ድጋሚ ሲከፍቱ 304፣ 304፣ 304። ለፋፊያችን በዚያው ሰዓት ጡሩምባውን ይዞ ሁለተኛ ዙር ወጥቶ ነበር፤ ድምፁ በመስኮቴ ይሰማኛል።

9 ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ሲል ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ደረስኩ። እማማ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ከልጅ ልጃቸው ጋር ከእኔ ቀድመው ቆመዋል። "ጠዋት 6 ይል ነበር፣ ኋላ ራሱ 9 አለን" አሉኝ። አስከሬኑ እየደረሰ ስለነበር ሌላ አልተነጋገርንም።

ለነገ የቀረኝ፦ የመዋጮ ሰሌዳውን ገጽ ወደዚሁ አሠራር ማዛወር፣ እና ስክሪፕቱን የእድሩ ጸሐፊ እኔ ባልኖር እንዲያስነሳው ማስተማር።